ባለ ቃጭሉ ሣንቃ፦ ለፊዚክስ ክፍሌ ያሠራሁት ተዳፋት

የምጽፈው እንደ እኔ ፊዚክስ ለሚያስተምሩ ነው። ዕቃው ሦስት ሜትር የሚረዝም የዝግባ ሣንቃ ነው። መሐሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቦይ ተፈልፍሎለታል፣ ቦዩ ብራና ለብሷል፣ ከቦዩ በላይ አምስት ትንንሽ ቃጭሎች ተንጠልጥለዋል። አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ የብረት ኳስ ከላይ ስትለቁ፣ ኳሷ ቁልቁል እየተንከባለለች ቃጭሎቹን በየተራ ትመታለች። የሠሩልኝ አዲስ አበባ ያሉ አንድ አዛውንት አናጺ ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ሥራውን ብቻ እገመግማለሁ። 6,500 ብር ከፍያለሁ፤ በማስተምርበት በደብረ ብርሃን ከ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት ሠርቼበታለሁ። አሠሩት እላለሁ። ቃጭሎቹን ግን አታስቸንክሩ፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግሁት ልናገር። በየዓመቱ ክፍል ስጀምር አንድ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሬ እቀልብና፣ «እጄን ለቆ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ምን ዓይነት ጉልበት ይሠራበታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዘንድሮ ከ52 ተማሪዎች 41ዱ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ወደ ታች የመሬት ስበት፣ ወደ ላይ ደግሞ የእጅ ጉልበት። «እጄ እኮ ለቆታል» ስላቸው፣ «ጉልበቱ ውስጡ ገብቷል፤ ሲያልቅ ይወድቃል» አሉኝ። የአየሩን ጥቂት ሰበቃ ከተውነው በሳንቲሙ ላይ የሚሠራው ስበት ብቻ ነው። መጽሐፉም እንዲህ ይላል፣ እኔም ስንት ዓመት እንዲህ ብያለሁ፤ ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ከፈተና በኋላ ወደ ውስጠኛው ጉልበት ይመለሳል።

ይህ ስንፍና እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቋንቋችን ራሱ ያግዛቸዋል። የደከመ በሬ ጉልበቱ አለቀ እንላለን፤ የተወረወረ ድንጋይም ጉልበቱ አለቀ እንላለን። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው «ፎርስ» የሚለውን ቃል ደብተሩ ላይ ያሰፍራል እንጂ ልቡ ውስጥ ያለው ያው የሚያልቀው ጉልበት ነው። ደግሞም የእኛ ልጆች ብቻ አይደሉም። ጆን ክሌመንት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1982 ባሳተመው ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ለዚሁ የሳንቲም ጥያቄ ይህንኑ መልስ በብዛት እንደሚሰጡ አሳይቷል። መልሱ ረጅም ዘር አለው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ የኖረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ያስተማረው ዣን ቡሪዳን፣ ወርዋሪው በተወርዋሪው ውስጥ የሚያሳድረው ግፊት አለ ብለዋል። ጋሊሊዮ ራሱ በወጣትነቱ፣ ፒሳ ሳለ፣ የተወረወረ ነገር ያደረበት ግፊት እየመነመነ ይሄዳል ብሎ ጽፏል። ተማሪዎቼ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ናቸው ማለቴ አይደለም። ሊቃውንቱ ሐሳባቸውን እስከ መጨረሻው ፈትሸውታል፤ ተማሪዬ ግን ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥ መልሱንም ይለውጣል። ቢሆንም ጋሊሊዮ ከዚያ ሐሳብ ከወጣ፣ የወጣበትን መንገድ ልጆቹን ማስኬድ ይቻላል ብዬ አሰብሁ። መንገዱ ደግሞ ሣንቃ ነበር።

ጋሊሊዮ በ1638 ላይደን ከተማ በታተመው መጽሐፉ ሣንቃውን በዝርዝር ይገልጸዋል፦ ርዝመቱ 12 ክንድ፣ ወርዱ ግማሽ ክንድ፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት፣ በጠርዙ ላይ ከአንድ ጣት ጥቂት የሚሰፋ ቀጥ ያለ ቦይ፣ ቦዩን የሚያለብስ በጣም የለሰለሰ ብራና፣ በላዩ የምትንከባለል ጠንካራና ድቡልቡል የነሐስ ኳስ። ይህንን ለአናጺው ስነግራቸው ምንም ማስተርጎም አላስፈለገኝም፤ ክንድና ጣት መለኪያቸው ነው። ክንዳቸውን ሣንቃ ላይ አጋድመው ጥቂት ቆጠሩና፣ «ልጄ፣ 12 ክንድ እኮ የቤት ወራጅ ነው፤ የት ልታስገቢው ነው?» አሉኝ። የፍሎረንስ ክንድ ከእኛው በለጥ ስለሚል 12ቱ ሰባት ሜትር ገደማ ይሆናል። በሦስት ሜትር ተስማማን። ብራናውን ስጠቅስ ደግሞ «ለመጽሐፍ የሚፋቀውን ነው ወይስ የከበሮ ቆዳ?» ብለው ጠየቁኝ። የመጽሐፉን አልኋቸው። ከአንድ የድጓ ጸሐፊ የተፋቀ የፍየል ብራና ራሳቸው ገዝተው አመጡ።

የእንጨት ሥራው ጥሩ ነው። ዝግባው በደንብ የደረቀ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥሬ ስፈትሸው የትም አልጎበጠም፣ ከክረምቱ እርጥበት በኋላም አልተጣመመም። ቦዩ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይጠልቃል፤ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት የተለፋበት መሆኑ በጥፍር ሲነካ ይታወቃል። በነሐስ ኳስ ፋንታ ከመኪና ኩሽኔታ የወጣች 25 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ ሰጡኝ፤ ከነሐሱ ሳትሻል አትቀርም። ከተባለው ቀን ሦስት ሳምንት ዘግይቷል፤ ይህን አልፈዋለሁ።

የማላልፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው መጋጠሚያው ነው። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዲጫን ብለው ሣንቃውን ከመሐል ሁለት አድርገው፣ በምላስና በብሎን የሚገጣጠም አድርገው ሠሩት። አሳባቸው ቀና ነው። ኳሷ ግን 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ስትደርስ «ቀጭ» ትላለች። ጆሮ በምትጠቀሙበት ሙከራ ውስጥ ያልተጋበዘ ድምፅ ከባድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያ ቀን ተማሪዎቼ አምስቱን ቃጭል ስድስት አድርገው ቆጠሩት። ሁለተኛው የብራናው አነባበር ነው። አንድ የፍየል ብራና ሦስት ሜትር አይሞላም፤ አራት ቁራጭ አስፈልጓል። ቁራጮቹ ሲደራረቡ የላይኛው ጫፍ በታችኛው ላይ መተኛት አለበት፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን፤ ኳሷ ቁልቁል ስትሄድ ጠርዙን ወርዳው ታልፋለች። አንደኛው ቁራጭ ተገልብጦ ስለተጣበቀ ኳሷ ጠርዙን ገጭታ ብድግ ትል ነበር። በሙቅ ውኃ አርጥቤ አላቅቄ፣ ገልብጬ በኮላ መልሼ አጣበቅሁት፤ አንድ ከሰዓት በላኝ። ይህን ሳደርግ፣ ጋሊሊዮም ሰባት ሜትሩን ለማልበስ ስንት ቁራጭ ብራና እንዳገጣጠመ፣ በስንቱ መጋጠሚያ እንደተቸገረ ሳስብ ዋልሁ። መጽሐፉ ውስጥ «የለሰለሰ ብራና» የሚለው ሐረግ ከዚያ ቀን ወዲህ ለእኔ ሌላ ሐረግ ነው።

አሁን ወደ ቃጭሎቹ። ቃጭል የማድረጉ ሐሳብ የእኔው ነበር። ፍሎረንስ በሚገኘው የጋሊሊዮ ሙዚየም ያለ፣ ደወሎች የተተከሉበት ተዳፋት በፎቶግራፍ አይቼ ልቤ ሸፈተ። ያ ዕቃ የጋሊሊዮ አይደለም። እሱ በ1642 ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የታወቀውን ሕግ፣ ከቆመበት የተነሣ ኳስ የሚሄደው ርቀት በጊዜው ካሬ ልክ ያድጋል የሚለውን፣ ለተመልካች ለማሳየት የተሠራ ነው። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። አስልቼ ቦታቸውን ሰጠኋቸው፦ ከመነሻው 11፣ 44፣ 99፣ 176 እና 275 ሴንቲ ሜትር ላይ። የመነሻው ጫፍ ከሌላው በ12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ቃጭሎቹ በየሰከንዱ ገደማ እኩል እየተራራቁ ይጮኻሉ። እውነትም ጮኹ። ክፍሉ አጨበጨበ፣ እኔም ደስ አለኝ።

በሳምንቱ «ቃጭሎቹ ለምን እየተራራቁ ተተከሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝምታ። አንዱ «እንዲያምር» አለ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ታዲያ ሕጉን ያገኙት አናጺው ናቸው?» አለች። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልክ ናት። ሕጉ በምስማር ተቸንክሮ ነው ክፍል የገባው። ልጆቹ ያዩት የሚሠራ ዕቃ ነው እንጂ ጥያቄ አልነበረም።

መውጫውን ያገኘሁት ከሳይንስ ታሪክ ጥናት ነው። አሌክሳንደር ኮይሬ የተባለው ታዋቂ የታሪክ ሊቅ፣ በዚያ ዘመን በዚያ ሣንቃና በውኃ ሰዓት (ጊዜን በወረደው ውኃ መጠን በመለካት) ትክክለኛ ልኬት ሊገኝ አይችልም፣ ጋሊሊዮ ሕጉን ያገኘው በማሰብ እንጂ በመሥራት አይደለም ይል ነበር። ብዙ ሰው አመነው። በ1961 ግን ቶማስ ሴትል የተባለ የዶክትሬት ተማሪ ሣንቃ፣ ኳስና ከአበባ ማሰሮ የተሠራ የውኃ ሰዓት ይዞ እንደ ጽሑፉ ሠራው፤ ልኬቱ ጋሊሊዮ ካለው የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በ1970ዎቹ የሳይንስ ታሪክ ተመራማሪው ስቲልማን ድሬክ ፍሎረንስ ያሉትን የጋሊሊዮን ያልታተሙ ወረቀቶች ሲመረምር አንድ ቅጠል ላይ ስምንት ቁጥሮች አገኘ፦ 33፣ 130፣ 298፣ 526፣ 824፣ 1192፣ 1620፣ 2104። ከጎናቸው 1፣ 4፣ 9፣ 16 እያለ እስከ 64 ተጽፏል። 33ን በ4 ብታበዙት 132 ነው፤ እሱ የጻፈው ግን 130 ነው። በ64 ብታበዙት 2112 ነው፤ የጻፈው 2104 ነው። ያሰላ ሰው እንዲህ አይጽፍም፤ የለካ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፍ። ድሬክ፣ ጋሊሊዮ እኩል ጊዜያቱን እንዴት ለየ ብሎ ሲጠይቅ የሰጠው መልስ ሙዚቃ ነው። የጋሊሊዮ አባት ቪንቼንዞ ሉት የተባለው ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋችና የሙዚቃ ሊቅ ነበር። በሉት አንገት ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀስ የአንጀት ጅማት ይታሰራል። ጋሊሊዮ ያንኑ ጅማት ሣንቃው ላይ አድርጎ፣ ኳሷ ስታልፍበት የምታሰማው ድምፅ ከዘፈን ምት ጋር እስኪገጥም ድረስ እያንቀሳቀሰ ቦታውን አገኘ ይላል። ይህ የድሬክ መላ ምት ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ወረቀቱ ላይ አሉ።

የበግ አንጀት ጅማት ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ የበገና አውታር ነው። ቃጭሎቹን ነቀልሁ፣ ከአንድ በገና ሠሪ ቀጭን ጅማት ገዛሁ፣ በአጭር በአጭሩ ቆራርጬ በቦዩ ላይ አግድም አስተኛሁና ሁለቱን ጫፍ በሰም ያዝሁት። በጣት ይገፋል፣ ይጣበቃል። ወፍራሙን ጅማት አትጠቀሙ፤ ኳሷን ያዘልላታል። መጋጠሚያውንም በሰም ሞልቼ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ገደልሁት።

ክፍሉን ስድስት ቡድን አድርጌ «ድምፁ እኩል እኩል እንዲመጣ ጅማቶቹን አስቀምጡ» ብቻ አልኋቸው። ሁሉም ቡድኖች፣ አንድ ሳይቀር፣ እኩል አራርቀው አስቀመጡ፦ 55፣ 110፣ 165፣ 220፣ 275። ኳሷን ለቀቁ። ድምፁ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ወዲያው እየተጣደፈ፣ መጨረሻ ላይ ሊደራረብ ምንም አልቀረውም። የልጆቹን ፊት ማየት ነበረባችሁ። አንድ ልጅ ሣንቃው ተጣሟል ብሎ ጎንበስ ብሎ አየ። ደጋግመው ለቀቁ፤ ድምፁ ይጣደፋል። ከዚያ ያችው ዝምተኛ ልጅ የታችኛውን ጅማት ወደ ታች ገፋች። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል ልጅ በመቋሚያ እንደሚመታ ሰው በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን በዝግታ መምታት ጀመረ፤ ሌሎቹ ከእሱ ምት ጋር እያስማሙ ጅማቶቹን አንድ በአንድ አንቀሳቀሱ። አርባ ደቂቃው አልበቃም፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቀሩ።

በማግስቱ ለካን። የአንደኛው ቡድን ቦታዎች 12፣ 45፣ 98፣ 178፣ 273 ነበሩ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት አስወጣኋቸው፦ 12፣ 33፣ 53፣ 80፣ 95። «የመጀመሪያውን አንድ ብትሉት?» አልሁ። ሦስት የሚለው ቶሎ መጣ፤ ከዚያ «አምስት ሊሆን ነው» «ሰባት» «ዘጠኝ» እያሉ ተቀባበሉት። የጋሊሊዮን ስምንት ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት ከዚህ በኋላ ነው። 130 እንጂ 132 አለመሆኑን ሲያዩ፣ የራሳቸው 53 የ12 ልክ አምስት እጥፍ ባለመሆኑ ማፈራቸውን ተዉ።

ሳንቲሙን የፈታልን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን የትም አላነበብሁትም፣ አንድ ቡድን ሲጫወት ነው ያየሁት። ኳሷን ከታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ገፏት፤ ልክ መነሻው ላይ ደርሳ ቆመችና ተመለሰች። ጅማቶቹ እዚያው ናቸው። ወደ ላይ ስትወጣም ድምፁ እኩል እኩል ነው! ለመልመድ ብዙ ሙከራ ይጠይቃል፣ ጅማቶቹም ትንሽ ስለሚይዟት ፍጹም አይሆንም፤ ግን ጆሮ ይለየዋል። «ስትወርድ ማን ነው የሚያፈጥናት?» «ስበት።» «ስትወጣስ የሚያዘገያት?» ቆዩ። «በዚያው ልክ ከሆነ… እሱው ነው።» «የእጅ ጉልበትስ?» መልስ አልሰጡኝም፣ እኔም አልሞላሁላቸውም። በወሩ መጨረሻ የሳንቲሙን ጥያቄ ስደግመው የእጅ ጉልበት ብለው የጻፉት 41 የነበሩት 19 ሆኑ። አሥራ ዘጠኝ ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። አንድ ክፍል ጥናት አይሆንም። ሪቻርድ ሄክ በ1998 ባሳተመው፣ ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን ባካተተ ጥናት፣ ተማሪው ራሱ እየሠራና እየተከራከረ የሚማርባቸው ክፍሎች በመካኒክስ ጽንሰ ሐሳብ ያሳዩት መሻሻል ንግግር ብቻ ከሚሰጥባቸው በአማካይ እጥፍ ገደማ ነበር፦ ሊሻሻል ከሚችለው ውስጥ 0.48 ከ0.23 ጋር። እዚያም ቢሆን ግማሹ መንገድ ይቀራል።

የውኃ ሰዓቱን በተመለከተ ባጭሩ፦ ለብቻው አትግዙ። ባልዲ ታች ቀድጄ የግሉኮስ ቱቦ አስገባሁ፤ ኳሷ ስትለቀቅ ቱቦው ይከፈታል፣ ጫፍ ስትደርስ ይዘጋል፣ የወረደው ውኃ በሲሪንጅ ይለካል። ለ280 ሴንቲ ሜትር 92 ሚሊ ሊትር፣ ለሩብ ርዝመቱ ለ70 ሴንቲ ሜትር 47 ሚሊ ሊትር ወረደልን። ጋሊሊዮም ሩቡን ሞክሮ ጊዜው ግማሽ እንደሚሆን ጽፏል።

ልታሠሩ ካሰባችሁ፣ አናጺ በየከተማው አለ። ከተማችሁ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ አንድ ወጥ ሣንቃ ይሁን፤ መጋጠሚያ አያስፈልጋችሁም። ቦዩ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ አይጥለቅ፣ ካለዚያ ጅማቱ ወለሉን አይነካም። የብራናውን አነባበር ቆማችሁ አሳዩ። ከእግሮቹ አንዱ በብሎን ከፍ ዝቅ የሚል ይሁን፤ የእኔው ስለሌለው ከሥሩ ደብተር እደራርባለሁ። ቃጭል የሚባል ነገር አታንሡ፤ የእኔ 6,500 ብር ውስጥ 900ው የቃጭል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለሁለተኛው ክፍል ሌላ ለማዘዝ አናጺው ዘንድ ሄድሁ። «ያለ ቃጭል» ስላቸው ቅር አላቸው። «ታዲያ ምኑ ይጮኻል?» አሉ። ከቦርሳዬ ሦስት ቁራጭ ጅማትና ሰም አውጥቼ፣ ጥግ የቆመ ጠባብ ሣንቃ አጋድሜ በእኩል ርቀት አጣበቅሁላቸው። ኳሷን ለቀቁ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰሙ፤ ዳግመኛ ለቀቁ። ከዚያ ምንም ሳይሉ እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አንሥተው፣ የታችኛውን ጅማት በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ገፉት።